አሮጌውን የጋዝ ማሞቂያ ስናስነሣ

እዚህ ለንደን የምንኖርበት ቤት ሳሎኑ ሊታደስ ስለሆነ፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ግድግዳው ውስጥ ባለው የእሳት ምድጃ ላይ ያስተከሉት አሮጌ የጋዝ ማሞቂያ ዛሬ ተነሣ። ወንድሜ ቀደም ብሎ «ሁለት ብሎን ፈትቶ መሳብ አይደል እንዴ! ለዚህም ባለሙያ ይጠራል?» ብሎኝ ነበር። እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ የሠራልን እሱ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ማሞቂያው ሳይሆን ከእሱ በኋላ ግድግዳው ውስጥ የሚቀረው ቧንቧ ነበር።

በብሪታንያ ሕግ የጋዝ ሥራን በክፍያ የሚሠራ ሰው ጋዝ ሴፍ (Gas Safe) በተባለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ ላይ የሰፈረ መሆን ስላለበት፣ ባለሙያው እንደገባ መታወቂያውን ጠየቅሁት። ፎቶውና ቁጥሩ ከፊት ነው፤ የትኛውን ሥራ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የሚገልጸው ግን ጀርባው ስለሆነ ገልብጦ ማየት ይገባል።

እሱም በመጀመሪያ ያጣራው ከማሞቂያው ኋላ ውሃ የሚያሞቅ አሮጌ ቦይለር ተደብቆ እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለው ቦይለር ውሃ እንደያዘ መውጫው ተደፍኖ ከተተወ፣ በኋላ ምድጃው ላይ እሳት ሲነድ እንፋሎቱ መሄጃ አጥቶ ሊፈነዳ ይችላል። የእኛ ቤት አልነበረውም። ጋዙን ከቆጣሪው ላይ ዘግቶ ማሞቂያውን ሲስበው፣ የጭስ ማውጫው ሥር ጥቀርሻና የጡብ ስብርባሪ ተከምሮ አየን። ክምሩ ከፍ ብሎ መተላለፊያውን ቢደፍን ኖሮ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ሳሎን ይመለስ ነበር፤ አገር ቤት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙትን የሚገድለው ያው ሽታ የሌለው ጋዝ።

ወንድሜ በማሞቂያው እግር ሥር ያለችውን ትንሽ መዝጊያ አጥብቀን ልስን እናልብሳት የሚል ሐሳብ አቀረበ። ባለሙያው አልተቀበለውም፤ መዝጊያ ሊያሳልፍ ይችላል፣ ጋዝ ያለበት ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ወደፊት ሥዕል ሊሰቅል የሚበሳ ሰው ያገኘዋል። ስለዚህ የወለሉን ሳንቃ አንሥቶ ቧንቧውን ከዋናው ቧንቧ እስከሚገነጠልበት ድረስ ተከተለው፤ እዚያው ቆርጦ በመዳብ ክዳን በየደው። ከዚያም ግማሹ ድረስ ውሃ የተሞላ፣ ሁለቱ ክንዶቹ ወደ ላይ የታጠፉ የመስታወት ቱቦ ከቆጣሪው ጋር አገናኘ። ጋዙን ለአፍታ ከፍቶ ሲዘጋው ግፊቱ በአንዱ ክንድ ያለውን ውሃ ከሌላው ከፍ አደረገው። ጋዙ ከአንድ ቦታ ቢያፈስ በቱቦው ሁለት ክንዶች መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ለሁለት ደቂቃ ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ተመለከትነው፤ ውሃው ንቅንቅ አላለም።

የተቆረጠበትን ቦታ ሳንቃው ሳይመለስ ፎቶ አንሥቼ ከቤቱ ሰነዶች ጋር አስቀምጫለሁ። ነገ ለሳኙ ይመጣል፤ ምድጃውን ሙሉ በሙሉ ሊደፍነው ስለሚፈልግ ጭስ ማውጫው በእርጥበት እንዳይበላሽ የአየር ማስገቢያ እንዲተውለት፣ ጣሪያው ላይም ዝናብ የሚከለክል ክዳን እንዲደረግ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ።