የመጋዘን ኃላፊዋ ደብተር

ቢሮውንና መጋዘኑን በሬዲዮ ማዕበል የሚያገናኘው የመረጃ መስመር እንደሚቆራረጥ ስነግራቸው፣ አለቃዬ «ጉሙ ነው፤ ኃይል ጨምርበት» ብለው ስልኩን ዘጉት። ደብረ ሲና ላይ ጉምን መክሰስ ይቀናል፤ ከጣርማ በር ሲወርድ አጠገብ የቆመውን ሰው እንኳ ይሸፍናል። የእኛ መሣሪያ የሚሠራው ግን በ5.8 ጊጋኸርዝ ነበር። በቢሮውና በመጋዘኑ መካከል ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በዚህ ድግግሞሽና ርቀት ጉም የሚያጎድለው ከቁጥር አይገባም። ያን ጊዜ መከራከር ነበረብኝ፤ ዝም ብዬ ጨመርሁ። የምልክቱ መጠን ሙሉ ሆነ፤ መረጃው ግን እንደ ቀድሞው ይቆራረጣል።

የመጋዘኑ ኃላፊ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ደብተራቸውን ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ብራ የሆነበትንም ቀን ጽፌዋለሁ። የሚጠፋው መኪና ሲገባ ነው።»

«እትዬ፣ ሁልጊዜ?»

«አንብበው።»

የሦስት ሳምንት ቀንና ሰዓት ሰፍሯል። እህል የሚጭኑ አይሱዙዎች ግቢው ውስጥ በቆሙ ቁጥር መስመሩ ወድቋል። ለአለቃዬ ደውዬ ባነብላቸው «ኮምፒውተራቸው አርጅቶ ነው» አሉኝ።

አንዱን ሾፌር ለመንሁት። መኪናውን ጥቂት ወደ ኋላ ሲመልሰው መስመሩ ነፍስ ዘራ፤ ሲያስጠጋው ተመልሶ ወደቀ። የማዕበሉ ርዝመት አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከመኪናው ብረትና ከቆርቆሮው ጣሪያ ነጥሮ የሚመጣው ማዕበል ከቀጥተኛው ጋር በግማሽ ማዕበል ከተዛነፈ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ማለት ነው፣ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። መስመሩ በሚጠቀምበት የድግግሞሽ ክልል (ቻናል) ውስጥ አንዳንዱ ድግግሞሽ ሲሰረዝ ሌላው ይጎለብታል፤ የምልክቱ መለኪያ ድምሩን ስለሚያሳይ ሁሉም ደህና ይመስላል። ኃይል ስንጨምር ደግሞ የነጠረውንም እኩል እናጎለብተዋለን።

በማግስቱ ጨረሩ ሰፊ የሆነውን አንቴና አውርጄ ጨረሩ ጠባብ የሆነ ሳህን ከመኪኖቹ በራቀው የጣሪያ ጫፍ ላይ ሰቀልሁ። ከዚያ ወዲህ መኪና ቢገባም ቢወጣም መስመሩ አልተቋረጠም።

እትዬ ግን የዕቃ ሪፖርት አዘገዩ ተብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። መነሻው «ችግሩ የተጠቃሚዋ ነው» የሚለው የእኛ ክፍል ጽሑፍ ነው። እንዲታረም በጽሑፍ አመለከትሁ።

«መስመሩ ሠራ አይደል? ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ አለቃዬ።

ደብዳቤው እስካሁን ከማኅደራቸው አልወጣም።