ከሰዓት ላይ የተንሳፈፈችው ሰርጓጅ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ብርድ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ሰርጓጅ መርከብ ሳወራ ሰው ሁሉ "ምን አገናኛችሁ?" ይለኛል። እኔ ግን መካኒካል ምህንድስና ከተማርኩ ጀምሮ ልቤ እዚያ ነው።

የመርከብ ምህንድስና ምርምር ብዙ በር አለው። የቀፎ፣ ማለትም የመርከቡ የውጭ አካል፣ ቅርጽ አለ፣ ድምፅ የማያሰማ ፕሮፔለር አለ፣ የጥልቀትን ጫና የሚችል ብረት አለ። መጀመሪያ ያማረኝ የቀፎው ቅርጽ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ እንደ ፈረንጆቹ በ1872 ቶርኪ ከተማ ውስጥ ገንዳ ሠርቶ፣ ትንንሽ የሰም ሞዴሎችን እየጎተተ ትልልቆቹ መርከቦች የሚፈልጉትን ኃይል ያሰላ ነበር። የሱ ገንዳ ግን ርዝመቱ 85 ሜትር ገደማ ነው። እኔ ያለኝ የአከራዬ ሮቶ ነው። ስለዚህ ርዝመት የማይጠይቀውን መረጥኩ፤ ክብደትና ሚዛንን።

አናቱ የተቆረጠውን አሮጌ ሮቶ እንዲያውሱኝ ስጠይቃቸው "ምን ልታጥብበት ነው?" አሉ።

"አይ እትዬ፣ መርከብ ልሞክርበት ነው።"

አየት አደረጉኝና "ስትጨርስ አጥበህ መልስ" ብለው ፈቀዱልኝ።

የሞዴል ሰርጓጄ ቀፎ የ110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቱቦ ነው። ርዝመቱ ከነክዳኑ 50 ሳንቲሜትር። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የምታስለቅቀው ውሃ 4.75 ሊትር ከሆነ፣ ውሃ መሃል እንድትቆም ከነሆዷ 4.75 ኪሎ መመዘን አለባት። ቱቦው ሲያዩት ይህን ያህል የሚፈልግ አይመስልም። ፌሮ ስቆርጥ፣ ስከት፣ ስመዝን ዋልኩ። መሃል ላይ ሳስረው ተገለበጠች። ከሆዷ ታች ስለጥፈው ቀጥ አለች። የክብደቷ መሃል ከተንሳፋፊነቷ መሃል፣ ማለትም ውሃው ወደ ላይ ከሚገፋበት ነጥብ፣ በታች መሆን አለበት።

ለመጥለቂያ መጀመሪያ ውስጧ ያስገባሁት ሃይላንድ ነበር። ግማሹ ብቻ ውሃ ሲይዝ፣ ትንሽ ዘንበል ስትል ውሃው ሁሉ ወደ ፊት ይሮጥና አፍንጫዋን ይደፋታል። በፊኛ ቀየርኩት። በግሉኮስ ቱቦ፣ ከውጭ በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሃ እገፋለሁ። ፊኛ ውስጥ ውሃው የሚዋልልበት ባዶ ቦታ የለም። ለመንሳፈፍና ለመጥለቅ ያለኝ ልዩነት በሙሉ 60 ግራም ነው።

ያስተማረኝ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው።

ኅዳር ነበር፣ ውርጭ የወደቀበት ጠዋት። ውሃው 8 ዲግሪ ነው። እጄ እየደነዘዘ አስተካክዬ ሮቶው መሃል ላይ አቆምኳት። ወደ ላይም ወደ ታችም አትልም። ደስ ብሎኝ ምሳ ሄድኩ። ፀሐይዋ ጥቁሩን ሮቶ ስትመታው ዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ውሃው 17 ዲግሪ ሆኗል። የሞቀ ውሃ ይቀላል። በሂሳቤ 5 ግራም ያህል የውሃ ድጋፍ ታጣለችና መስጠም ነበረባት። እሷ ግን ላይ ወጥታ ተንሳፍፋለች።

አየር የያዘች መሰለኝ። ቀፎዋ ላይ የተለጠፉትን አረፋዎች ጠረግኩ። ያው ነው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ደገምኩት። ከሰዓት በኋላ መልሼ መሃል ላይ ለማቆም ሁልጊዜ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ መጨመር ነበረብኝ። ችግሩን ውሃው ላይ ስፈልግ ቱቦውን ረስቼዋለሁ። ፒቪሲ ሲሞቅ ከውሃ የበለጠ ያብጣል። በ9 ዲግሪ ልዩነት የኔ ቀፎ 9 ሚሊ ሊትር ገደማ ሰፍቷል፤ 9 ግራም ገደማ ተጨማሪ ድጋፍ ማለት ነው። ከዚያ ላይ 5ቱን ቀንሱ፤ 4 ይቀራል።

የብረት ቀፎ ቢሆን የሚሰፋው ከ2 ሚሊ ሊትር በታች ነበር። ስለዚህ እውነተኛ ሰርጓጅ ወደ ሞቀ ውሃ ስትገባ ትከብዳለች፤ ሠራተኞቹም ከማመጣጠኛ ታንኮቹ ውሃ ያወጣሉ። የኔ ፕላስቲክ ደግሞ ተቃራኒውን አሳየኝ። በሞዴል ሲሠራ ቅርጹን ብቻ ማሳነስ አይበቃም። ቁሱ ራሱ ውጤቱን ይገለብጠዋል።

አሁን ጠባሴ ያለ ብየዳ ቤት በተመሳሳይ መጠን የላሜራ ቀፎ እያሠራሁ ነው። ትንበያዬን ደብተሬ ላይ አስቀድሜ ጽፌዋለሁ፦ ከሰዓት ላይ ትሰጥማለች፣ 3 ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ማውጣት ይኖርብኛል።