ርካሽ ፍሬም፣ ሰፊ ህዳግ

ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ሳሎን ገብታችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት ያው ነው። ጋወን የለበሰ ተመራቂ፣ ወርቃማ ፍሬም፣ ከኮርኒሱ ሥር ተሰቅሎ ወደ ፊት ዘመም ያለ። እኛም ቤት ስላለ ምንም አልልም። ግን ግድግዳው ላይ ሥዕልም ማየት ለሚፈልግ ሰው ፍሬም ቤት የሚጠራው ዋጋ ያስደነግጣል፣ ስለዚህ እኔ ቤቴ ነው የምሠራው።

ሥዕሉ በነፃ ይገኛል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም አውርዶ እንዲጠቀምባቸው ለቋል። የእኛው የብራና ወንጌልም እዚያ አለ፣ ዕድሜው ከ600 ዓመት ወዲህ ወዲያ የሆነ፣ ቀይና ቢጫው ዛሬም የሚናገር። ለኤ4 ወረቀት ፎቶው 2480 በ3508 ፒክስል ቢኖረው ጥርት ብሎ ይወጣል። ማተሚያ ቤት ስትሄዱ የማያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀት ጠይቁ። የሚያብለጨልጨው ላይ መስታወት ሲጨመርበት የምታዩት አምፖሉን ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ኤ4 ሥዕል ኤ4 ፍሬም ውስጥ ሲታፈን የስልጠና ሰርተፍኬት ይመስላል። ያንኑ ሥዕል ኤ3 ፍሬም ውስጥ አስገቡትና ዙሪያውን ነጭ ካርቶን ስጡት፣ እንግዳ ሁሉ ስንት ገዛሽው ይላል። ካርቶኑን 29.7 በ42 ሳንቲሜትር ቁረጡ። መሃሉ ላይ 20 በ28.7 የሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ካርቶኑ የሥዕሉን ጠርዝ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲሜትር ይይዘዋል። የብረት ማስመሪያ እና አዲስ ምላጭ ያስፈልጋል። አንዴ ተጭኖ ለመጨረስ አትሞክሩ፣ ቀለል እያደረጋችሁ ደጋግሙት።

ሥዕሉን ከካርቶኑ ጀርባ የምታያይዙት ከላይ ብቻ ነው፣ በሁለት ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ በአራቱም በኩል ከታሰረ መሄጃ ሲያጣ ይሸበሸባል። ሐይቅ ዳር ደግሞ፣ በተለይ በክረምት፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ካርቶኑ ሥዕሉን ከመስታወቱ ስለሚያርቀውም ቀለሙ መስታወት ላይ አይጣበቅም። ኮላ ሥዕሉ ላይ ባታስነኩ ይሻላል።

ፍሬሙን ከቆራሌ ፈልጉ። የአሮጌ ፎቶ ፍሬም ማዕዘኑ ካልላላ ይበቃል፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ጥቁር ቀለም ስትቀቡት ያ ሁሉ ወርቅ ይጠፋል። መስታወቱ ከተሰበረ መስታወት ቤት ቁርጥራጭ ካላቸው ጠይቁ፣ ከሙሉው በጣም ይረክሳል። ልኩን ስትሰጡ ከፍሬሙ የውስጥ ልክ 2 ሚሊሜትር ያህል ቀንሱ፣ አለዚያ አይገባም።

ስትሰቅሉ የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 1.5 ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ ግን አታድርጉት፣ ቀለሙን ይበላዋል። ተከራይ ከሆናችሁ እና ባለቤቷ ምስማር የማትወድ ከሆነ ኮመዲኖ ላይ አስደግፉት፣ እንዲያውም ያምራል።