አርብ ማታ

ዛሬ ምን እንደነካኝ አላውቅም ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ይለኛል። አርብ ስለሆነ መሰለኝ። ግንቦት ገብቶ ድሬ ትንፋሽ እያሳጠረች ነው፣ ቬንትሌተሩ የሚያዞረው ሙቅ አየር ነው፣ እኔ ግን ላቤን እየጠረግኩ የልጅ ሹራብና ወፍራም ካልሲ ቦርሳ ውስጥ ስከት ነበር። ሐረር እኮ 50 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትጨርሱ ግን ሌላ አገር ነው፣ ማታ ማታ ይበርዳል። 10 ሰዓት ላይ ሐረር የሚኖረው አባቷ መጥቶ ልጄን ወሰዳት።

የግቢያችን እትዬ እንደ ሁልጊዜው "ሴት ልጅ ከእናቷ ጉያ ወጥታ ታድራለች? ከናፈቀችው እዚሁ መጥቶ አይቷት አይሄድም እንዴ?" አሉኝ። ክፋት የላቸውም፣ እሳቸው የሚያውቁት ፍቺ ልጅ እናቷ ጋር ቀርታ አባት ቀለብ እየቆረጠ በበዓል በበዓል ብቅ የሚልበትን ነው። እኛ ድሬ የምንዳኝበት የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም አንቀጽ 113 ላይ ወላጅና ልጅ ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ ፍርድ ቤቱ ይወስናል፣ ሲወስን የልጁን ዕድሜና ጥቅም ያያል ይላል እንጂ ስለ ማደር ለይቶ አያወራም። ስለዚህ ተነጋግረን ተስማምተን ያስጻፍነው እኛው ነን፣ አንድ አርብ እሱ ጋር አንድ አርብ እኔ ጋር።

መጀመሪያ ላይ ለቀን ብቻ ነበር። ቅዳሜ ይመጣል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፉ ጥላ ስር ይዟት ይዞራል፣ ጁስ፣ ብስኩት፣ ፊኛ፣ ከዛ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይመልሳታል። እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እሷ ጫማዋ እንዳይቆሽሽ ትጠነቀቃለች፣ ሁለቱም ጨዋ ናቸው፣ አባትና ልጅ እንደዛ ጨዋ ሲሆኑ ማየት ያማል። እንግዳ ነበር በቃ። ማደር ከጀመረች በኋላ ግን የምታመጣው ወሬ ራሱ ተቀየረ። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዛ ትመጣለች እሱማ አልቀረም፣ ግን ወሬዋ አባ ያንኮራፋል፣ ጅብ ሲጮህ አባ ተነስቶ መብራት አበራልኝ፣ ጥርሴን ሳልቦርሽ ልተኛ ስል ተቆጣኝ ሆነ። ተቆጣኝ ስትለኝ ደስ አለኝ አቦ! ፊኛ ገዝቶ በ12 ሰዓት የሚመልስ ሰው ልጅ ይቆጣል እንዴ? አባቷን ያወቀችው በሌሊትና በጠዋት ነው፣ ይሄን ለእትዬም ለማንም አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ግን ያለፈው የትኩሳቷ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሏል። እሱ ጋር አድራ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አተኮሳት። አልደወለም። የነገረኝ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ክሊኒክ ሆነው፣ ደም ሰጥታ ውጤት እየጠበቁ። እግሬ ነው የከዳኝ። ድሬ የሚኖር ልጅ ሲያተኩሰው እኮ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፣ ካልሆነ ደንጊ ነው፣ ደንጊ ከተጠረጠረ ደግሞ ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን አይሰጥም፣ ይሄን እኛ ሰፈር ያለች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፣ እሱ እዛ ደጋው ላይ ሆኖ ትዝ ይለዋል? ትዝ ብሎታል። የሰጣት የፓራሲታሞል ሽሮፕ ነው፣ ያውም በኪሎዋ ለክቶ፣ ጨርቅ እያራሰ ሰውነቷን ሲያብስ ነው ያደረው። ይሄን የነገረችኝ እሷ ናት፣ እሱማ አንድም አላወራ። ውጤቱም ነጻ ወጣ፣ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ተመስገን።

ለምን አልደወልክም ስለው "በዛ ሰዓት ደንገጎን በምን ትወጪው ነበር? ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ ከምታነጊ ብዬ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ በዛ ሌሊት ማን ይጭነኛል። ደግሞ ሳስበው እኔም ልጅቷ እዚህ ስታተኩስ በሌሊት ቀስቅሼው አላውቅም፣ አስታምሜያት አድሬ ጠዋት ነው የምነግረው፣ እሱም አንድ ቀን ለምን ብሎኝ አያውቅም። የሱ ጊዜ ለምን እንደዚህ አንገበገበኝ? እናት ስለሆንኩ? ግን እኮ ባልደርስም ድምጼን ትሰማ ነበር፣ እኔም ድምጿን እሰማ ነበር፣ ማልቀሱስ ቢሆን ልጄ ታማብኝ ባለቅስ ምን ነውር አለው?

አሁን 5 ሰዓት ሆኗል፣ ተኝታለች ብሎ ሚሴጅ ልኮልኛል። ሌሊት ካተኮሳት ደውልልኝ ብዬ ጽፌ አጠፋሁት፣ መልሼ ጻፍኩት፣ አልላክሁትም። ብልከው አላምንህም ማለት ይመስልብኛል፣ እኔ ደግሞ አምነዋለሁ። ሌሊቱን ስሰጠው ትኩሳቱንም አብሬ ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው ወይስ እሱ ላይ አልተስማማንም? እናንተ ብትሆኑ ይደወልልኝ ትሉ ነበር?