ያለ ጨረታ፣ ከአንድ አቅራቢ፦ የጠላቂዎችን ዕቃ ስገዛ የተማርኩት

የምሠራው ፍሎሪዳ፣ ፓናማ ሲቲ ነው። የአሜሪካ ባህር ኃይል ጠላቂዎች የሚሠለጥኑትና ዕቃቸው የሚፈተሸው እዚህ ነው። የሙከራ ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1927 ዋሽንግተን ተቋቁሞ በ1975 ወደዚህ መጣ። የእኔ ሥራ ግዥ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኦክስጅን ሴንሰር ግዥ ነው። ሪብሪዘር የሚባለው መሣሪያ የጠላቂውን ትንፋሽ ወደ ውጭ አይለቅም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በኬሚካል ያስቀራል፣ የጎደለውን ኦክስጅን ይጨምራል፣ መልሶ ያስተነፍሰዋል። ምን ያህል መጨመር እንዳለበት የሚያውቀው በሴንሰሩ ነው። ኦክስጅኑ ካነሰ ጠላቂው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ከበዛ ያንፈራግጠዋል። ውኃ ውስጥ ሁለቱም ይገድላሉ።

የግዥ ጥያቄው ሲደርሰኝ የአንድ ኩባንያ ስምና «ሌላ የሚሆን የለም» የምትል መስመር ብቻ ነበረችበት። በዚህ ማንም አይፈርምም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሕግ ውድድርን ግዴታ አድርጎ ሰባት በሮችን ብቻ ነው ክፍት የተወው። አንዱ «ፍላጎቱን የሚያሟላ ሌላ አቅራቢ የለም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ታዲያ ማስረዳት አለበት። «ጊዜ አጠረን» ወይም «በጀቱ ሴፕቴምበር 30 ሊቃጠል ነው» ማለት አያዋጣም፤ ሕጉ በግልጽ ከልክሎታል።

ስለዚህ ወደ ጠላቂዎቹ ጥገና ክፍል ሄድኩ። አለቃቸው መሣሪያውን ፈታቶ አሳየኝ። ሦስት ሴንሰሮች አሉት፤ አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ ሁለቱ ያጋልጡታል። «ይሄን የሚለብሱት ፈንጂ አምካኞች ናቸው» አለኝ። «አንዳንድ የባህር ፈንጂ ብረት ሲጠጋው ይፈነዳል። እዚህ ውስጥ የምትገባ ትንሿ ቁራጭ ሳትቀር ማግኔትነቷ ተለክቶ ነው የምትገባው።»

ምክንያቱ ያ ነበር! የጥያቄው ወረቀት ላይ ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። ያለ ውድድር ለምን እንደምንገዛ የሚያስረዳውን ሰነድ ስጽፍ የኩባንያውን ስም ወደ መጨረሻ ገፋሁት። መጀመሪያ ጠላቂው ምን እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው ፈተና እንዳረጋገጠው፣ ዕቃው ለባህር ኃይል አገልግሎት ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀመጥኩ። እንዲህ ሲጻፍ አንባቢው ራሱ መልሱ ላይ ይደርሳል።

ቀጥሎ መንግሥት ግዥዎቹን በሚያሳውቅበት ድረ ገጽ ላይ «ይህን ማቅረብ የሚችል ካለ ይምጣ» ብለን አወጣን። አንድ ድርጅት «እኛም አለን» ብሎ መለሰ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይበሳጫል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ መልስ ደስ ይለኛል። መሐንዲሶቹ የላከውን መረጃ አንድ በአንድ አዩት። ዕቃው ጥሩ ነበር፣ ግን በሰው ላይ ከሚደረገው ሙከራ በፊት ያለውን ፈተና እንኳ አላለፈም። ይህን በጽሑፍ መለስንለት። ቅር ያለው ድርጅት ለመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት ይችላል፣ ጽሕፈት ቤቱም በ100 ቀን ውስጥ ይወስናል። ስለዚህ መልሱ ለዳኛ የሚቀርብ ያህል ተጠንቅቆ መጻፍ አለበት።

ዋጋው ላይ ነው የደከምኩት። ብቻውን መሆኑን የሚያውቅ ሻጭ ለመቀነስ አይቸኩልም። ቀደም ሲል ለሌሎች ገዢዎች የሸጠበትን ደረሰኝ ጠየቅሁ፣ የእኛን የድሮ ዋጋ ከዋጋ ንረቱ ጋር አነጻጸርኩ። የተለያዩ ክፍሎችን ትእዛዝ በአንድ ማዋሃዱ ግን ከሁሉም በላይ ረዳኝ፤ ብዛቱ ሲታይ ሻጩ ለዘብ አለ።

ግን ብዛትም ጣጣ አለው። ይህ ሴንሰር ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም ከተመረተበት ቀን ጀምሮ እያለቀ ነው የሚሄደው። ሁሉንም ባንዴ ተቀብሎ መጋዘን ማስቀመጥ ገንዘብን መጣል ነው፤ የባሰ ደግሞ ያረጀ ሴንሰር ጠላቂው በለበሰው መሣሪያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ዕቃው በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲመጣ፣ የምርት ቀኑም ከርክክብ በፊት ከተወሰነ ጊዜ እንዳይርቅ አስገባሁ። እንዲህ ያለ ግዥ የሚይዝ ሰው ይህችን አንቀጽ እንዳይረሳት አደራ እላለሁ።

ሰነዱ ራሱ ወደፊት ውድድር እንዲኖር ምን እንደሚደረግ መጻፍን ይጠይቃል። ብዙዎች «ገበያውን እንከታተላለን» ብለው ያልፉታል። እኔ ያ ምላሽ የሰጠው ድርጅት ናሙናውን ለፈተና የሚያስገባበትን መንገድ ከነጊዜ ሰሌዳው ጻፍኩ። ናሙናው አሁን ሙከራ ላይ ነው። ካለፈ የሚቀጥለውን በጨረታ እንገዛለን።