ማሳቸውን እያወቅኩ ወረቀት ልጠይቃቸው?

ሰሞኑን አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። አትክልት የምገዛቸው አንዲት ገበሬ አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ሳለ አንድ ደንበኛ መጣና "ኦርጋኒክ ነው ካሉ ሰርተፊኬቱን ያሳዩኝ" አላቸው፤ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ያለ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ መመረቱን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ማለቱ ነው። "የለኝም ልጄ" አሉት። ሰውየው የያዘውን መልሶ አስቀምጦ ሄደ። አልፈርድበትም፣ አያውቃቸውም። እኔ ግን ማሳቸውን አውቀዋለሁ። ኮምፖስት ሲያገላብጡ፣ ጎንበስ ብለው አረም በእጃቸው ሲነቅሉ አይቻለሁ። አምና ሰርተፊኬት ለማውጣት አስበው ፎርሙን አብሬያቸው ስሞላ ስለነበር ለምን እንደሌላቸውም አውቃለሁ።

ብዙ ሰው ወጪው የማመልከቻ ክፍያ ብቻ ይመስለዋል። እሱ ገና መጀመሪያው ነው። ማሳውን የሚያየው ኢንስፔክተር ይከፈለዋል፣ መጓጓዣውም ማደሪያውም ይታሰባል፣ ጥርጣሬ ካለ አፈሩ ወይም ምርቱ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ደግሞ ይሄ ሁሉ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ሳይሆን በየዓመቱ የሚመጣ ነው። ጎረቤት ኬሚካል የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ንፋስ እንዳያመጣው በድንበሩ በኩል መከለያ መሬት መተው ሊያስፈልግ ይችላል። ሰፊ እርሻ ላለው ሰው ያቺ ጠርዝ ምንም አይደለችም። ማሳው ጠባብ ለሆነ ግን ከጉሮሮው የምትነጠቅ ናት። ኢንስፔክተሩም ማሳው ትንሽ ነው ብሎ በሩብ ዋጋ አይመጣም። መቶ ሄክታር ለማየትም ግማሽ ሄክታር ለማየትም መንገዱ ያው ነው።

ከገንዘቡ በላይ የከበደን ግን መዝገቡ ነበር። ዘሩ ከየት መጣ፣ መቼ ተዘራ፣ በየትኛው መደብ ላይ፣ ኮምፖስቱ ከምን ተሠራ፣ ስንት ኪሎ ተለቀመ፣ ለማን ተሸጠ። አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ ለሚያመርት ትልቅ እርሻ ይሄ ቀላል ነው፤ ለጽሕፈቱም የተቀጠረ ሰው ይኖረዋል። እሳቸው ግን በዚያች ማሳ ላይ ሃያ ዓይነት ነገር ያሰባጥራሉ፣ ያፈራርቃሉ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላውን ይተካሉ፤ ተባዩን የሚከላከሉትም አፈሩን የሚጠብቁትም በዚሁ ነው። ኦርጋኒክ ግብርና የሚያወድሰው አሠራር ራሱ ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ቅጣት ሆነባቸው። ሃያ ሰብል፣ ሃያ መዝገብ። ማታ ደክሟቸው ሲገቡ ማን ይጽፈዋል?

የሽግግር ጊዜም አለ። በአሜሪካ ደንብ የተከለከለ ኬሚካል መሬቱን ከነካ ምርቱ ኦርጋኒክ ተብሎ እስኪሸጥ 36 ወር ማለፍ አለበት። በአውሮፓ ኅብረት በጥቅሉ ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት፣ ለቋሚ ተክል 3 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ገበሬው በኦርጋኒክ ደንብ ያርሳል፤ ምርቱን የሚሸጠው ግን እንደ ማንኛውም ምርት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ሸክሙ የወደቀበት ትከሻ ነው። መርዝ የሚረጨው ሰው ምን እንደረጨ ምርቱ ላይ ጽፎ እንዲለጥፍ አይጠየቅም፣ ያልረጨው ግን አለመርጨቱን ከኪሱ ከፍሎ ያስመሰክራል።

ሰርተፊኬት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ምርቱ ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ገዢው ማሳውን አያየው፣ ገበሬውን አይጠይቀው፣ መሃል ላይ ደግሞ ሦስት አራት ነጋዴ አለ። እዚያ ገለልተኛ መርማሪ የግድ ነው። ለውጭ ገበያ ለሚያመርቱ ትንንሽ ገበሬዎችም የቡድን ሰርተፊኬት አለ፤ ተደራጅተው የውስጥ ቁጥጥር ያቋቁማሉ፣ መርማሪው ያንን ቁጥጥር ይፈትሽና ከአባላቱ የተወሰኑትን ማሳ ያያል፣ ወጪውም ይከፋፈላል። በየሳምንቱ ዓይን ለዓይን በሚተያዩ ሻጭና ገዢ ላይ ይሄንኑ ሸክም መጫን ግን አይገባኝም።

ለዚህ በሕግ መልስ የሰጡ አገሮች አሉ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የኦርጋኒክ ሕግ ምርታቸውን በቀጥታ ለተጠቃሚ የሚሸጡ የቤተሰብ ገበሬዎች ያለ ሰርተፊኬት እንዲሸጡ ፈቅዳለች። ዝም ብሎ አይደለም ታዲያ። ተደራጅተው መንግሥት ዘንድ ይመዘገባሉ፣ ገዢም ሆነ ተቆጣጣሪ ማሳችሁን ልይ ሲል ማስገባት አለባቸው። በአሜሪካም ዓመታዊ የኦርጋኒክ ሽያጩ ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ ገበሬ ደንቡን እስከጠበቀና መዝገብ እስከያዘ ድረስ ሰርተፊኬት አይገደድም፣ የመንግሥቱን የኦርጋኒክ ማኅተም ግን መለጠፍ አይችልም።

ከሁሉም ልቤን የሳበው አሳታፊ የዋስትና ሥርዓት የሚባለው ነው። ገበሬዎች አንዱ የሌላውን ማሳ ይጎበኛል፣ ገዢዎችም አብረው ይገባሉ፣ ደንቡን በጋራ ያወጣሉ፣ የጣሰ ሰው ምን እንደሚደረግም አስቀድመው ይስማማሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኦርጋኒክ ግብርና ንቅናቄዎች ፌዴሬሽን (አይፎም) ይሄን መንገድ ይደግፋል፤ ሕንድም በመንግሥት ደረጃ ትሠራበታለች። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ጊዜ ግን ይበላል። ድክመትም አለው። ጎረቤት ጎረቤቱን "ይሄን ረጭተሃል" ብሎ ፊት ለፊት ለመናገር ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ነገ ውሃና መንገድ የሚጋሩ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው የገዢው መኖር ለጌጥ ያልሆነው። እሱ ይሉኝታ የለበትም፣ ቤቱ ወስዶ ለልጆቹ የሚያበላውን ነው የሚጠይቀው።

ለገበሬዎች አንድ ነገር ልበል። በብዙ አገር "ኦርጋኒክ" የሚለው ቃል ራሱ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ሰርተፊኬት ሳይኖር መለጠፉ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። የምታደርጉትን በግልጽ ተናገሩ። "ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ አልጠቀምም፣ ፀረ ተባይ አልረጭም፣ መጥታችሁ እዩ" ማለት ለእኔ ከማኅተሙ የበለጠ ይነግረኛል። ገዢዎች ደግሞ "ኦርጋኒክ ነው?" ብለን አዎ ወይም አይደለም ከምንጠብቅ ተባይ ሲገባ ምን እንደሚያደርጉ እንጠይቅ። በትክክል የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ወሬው አያልቅም። እሳቸውማ አንዴ ስለ ጓያ ተባይ ጠይቄያቸው ግማሽ ሰዓት አቁመውኛል።

ያ ደንበኛ ከሄደ በኋላ "እስቲ ይሄን ወረቀት እንደገና እንሞክረው ይሆን?" አሉኝ። ሒሳቡን እንደገና ብንይዘው ያው ነው፣ አልሆነም። አሁን ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር ማሳ ለመጎብኘት ተነጋግረዋል። ከገዢ በኩል እኔና አንድ ሌላ ደንበኛ እንገባለን፣ ማስታወሻ መያዙም የእኔ ድርሻ ሆኗል። የመጀመሪያው ጉብኝት የፊታችን እሑድ በእሳቸው ማሳ ይጀመራል። እንዲህ እንዲሆን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው፤ "መጀመሪያ የኔን እዩና ከዚያ የሰው እናያለን" አሉ።