ከመስታወት ጀርባ የተለጠፈ ጥሪ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ፣ መስታወት የተገጠመለትና የሚቆለፍ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ባለፈው ሰሞን ወረፋ ስጠብቅ ያነበብኩት ወረቀት፣ ነዋሪዎች በአካባቢያቸው ሊሠራ ስለታሰበ ሥራ አስተያየት እንዲሰጡ ለስብሰባ የሚጠራ ነበር። ማኅተሙና ፊርማው የተሟላ ቢሆንም፣ ወረቀቱ የተጻፈው ስብሰባው አንድ ቀን ሲቀረው ነው፤ እኔ ሳነበው ደግሞ ስብሰባው ካለፈ ሰንብቷል። ጊዜው ለምን እንዲህ እንዳጠረ ብጠይቅ፣ «ተለጥፏል እኮ!» ተባልኩ።

መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ይፋነት ስንል ብዙ ጊዜ ነገሩ መነገሩን ብቻ እናስባለን። ይህ ልማድ ከነጋሪት የወረስነው ይመስለኛል። አዋጅ ሲነገር ነጋሪት እየተጎሰመ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው የሕግ ጋዜጣም ነጋሪት የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰሚውን ሁሉ አሰሚ የሚያደርግ መላ በመሆኑ ብልሃቱን አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ ነጋሪት ይናገራል እንጂ አያዳምጥም።

የሚያዳምጠው ይፋነት የነበረው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። በቀድሞው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ይሰማ፣ አንዳንዴም ሐሳቡን ይሰጥ ነበር። (አንደበተ ርቱዕ እውነተኛውን የሚረታበት ጊዜ እንደነበረ አልክድም።) በዚያ ሥፍራ ምክንያት የማያቀርብ ሰው እፍረቱ በሰው ፊት ነበር።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ያቀረበው መመዘኛ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ የሌላውን ሰው መብት የሚነካ ድርጊት፣ የተነሣበት ሐሳብ በይፋ ቢነገር የማይጸና ከሆነ ፍትሐዊ አይደለም ይላል። ይህ ማለት ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ይገለጥ ማለት አይደለም። የጨረታ ሰነድ በታሸገ ኤንቨሎፕ ይገባል፤ ሳጥኑ ግን ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት፣ አስቀድሞ በተነገረው ሰዓት ይከፈታል። ዋጋው እስከዚያ ሰዓት ምሥጢር የሚሆንበትን ምክንያት ለተሸናፊውም ጭምር ሳይሸሽጉ ማስረዳት ስለሚቻል፣ ምሥጢሩ ራሱ በመመዘኛው ያልፋል።

በእኛ ሐይቅ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨራ ጨራ ያሉት የውኃ መቆጣጠሪያ በሮች የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ጊዜ፣ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም የሚወስደው ውኃ፣ የሐይቁን ከፍታ ይነካሉ። የጀልባ ባለቤቱ፣ በታንኳ የሚያጠምደው ዓሣ አስጋሪና ውኃው ሲሸሽ በሚተርፈው መሬት ላይ የሚያርሰው ገበሬ፣ ከውሳኔው በኋላ የውኃውን መጠን ቁጥር ቢሰሙ የሚጠቅማቸው ጥቂት ነው። መዝራትም ሆነ መከራከር የሚችሉት ምክንያቱን ቀደም ብለው፣ መልስ መስጠት በሚቻልበት ቦታ ከሰሙ ነው። ሪባን ሲቆረጥ በካሜራ ፊት የሚደረገውን ንግግር ይፋነት ለማለት የምቸገረውም ለዚህ ነው፤ ታይታ ይበዛበታል፣ ጥያቄ አይቀበልም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን ያዝዛል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590ም መረጃ የመጠየቅን መብት ደንግጓል። እኔም በዚሁ መብቴ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ከጥሪው ጎን እንዲለጠፍ በጽሑፍ አመለከትኩ። ማመልከቻዬን የተቀበለችው ሠራተኛ በትሕትና መዝግባ ቁጥር ሰጠችኝ፤ የሰሌዳው ቁልፍ ግን ለመስክ ሥራ በወጣ ባልደረባዋ እጅ እንደሆነ ነገረችኝ።